የአረጋውያን ሕመም ማስታገስ በሰሜን ሸዋ

በሰሜን ሸዋ የረጅም ጊዜ እንክብካቤ የሚያስፈልጋቸው አብዛኞቹ አረጋውያን የሚጦሩት በቤታቸው ነው። አስታማሚዎቹ ልጆች፣ ምራቶችና የልጅ ልጆች ናቸው። መርጃ ማዕከል የሚገቡት ጥቂት ናቸው። በሁለቱም ቦታ ግን የመጀመሪያው ሥራ ሕመሙን ማወቅ ነው።

ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። አንዲትን የመንዝ እናት «እማማ፣ ያምዎታል ወይ?» ብትሏቸው መልሳቸው «ተመስገን» ነው። ሰው ማስቸገር ነውር ነው ተብለው ያደጉ ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጡ አድረው ጠዋት «ደህና ነኝ» ይላሉ። ስለዚህ ጥያቄው ዞር ይበል። ሌሊት እንቅልፍ ወሰድዎት? ለጸሎት ሲነሱ ጉልበትዎ እንዴት ነው? የመለሱትም ቃል እንዳለ ይጻፍ። «ይቆረጥመኛል» ብዙ ጊዜ መገጣጠሚያ ነው። «ያቃጥለኛል፣ ይነዝረኛል» ሲሉ ግን የነርቭ ሕመም ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒቱም ይለያል። አማርኛችን ለሕመም ይህን ያህል ቃል እያለው ካርድ ላይ «ሕመም አለው» ብቻ ተብሎ ሲቀር ያሳዝናል።

መናገር ለተሳናቸውና ለሚዘነጉት እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ፔይናድ የሚባል መለኪያ አለ። አተነፋፈስ፣ ድምፅ፣ ፊት፣ የሰውነት ሁኔታና ሲያባብሏቸው መረጋጋታቸው ይታያል። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 2፣ ድምሩ ከ10 ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ሕመሙ ብሷል ማለት ነው። ወረቀትና ዓይን ይበቃዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ለካንሰር ሕመም ባለ ሦስት ደረጃ መሰላል፣ ማለትም ከቀላል ማስታገሻ ወደ ጠንካራው የሚወጣ መመሪያ አወጣ። በአገራችን የማይድን ሕመም ያለባቸውን የሚያስታምመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 ተመሠረተ። እዚህ ደብረ ብርሃን ደግሞ በታላቁ ቀዶ ሐኪም በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመው የዩኒቨርሲቲው የጤና ሳይንስ ካምፓስ ለአካባቢያችን ባለሙያ ያፈራል።

መድኃኒት ላይ ትልቁ ስህተት ሕመሙ እስኪብስ መጠበቅ ነው። የማያቋርጥ ሕመም በሰዓቱ መድኃኒት ይፈልጋል። ለአዋቂ ፓራሲታሞል በቀን ከ4 ግራም አያልፍም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙ 8 ፍሬ ነው፤ ለከሱና ለደከሙ አረጋውያን ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ዳይክሎፌናክ ከፋርማሲ እየገዙ ወር ሙሉ መዋጥ ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። ጠንካራው ማስታገሻ ሞርፊን ሱስ ያስይዛል ብለው የሚፈሩ ብዙ ናቸው። ለከባድ የካንሰር ሕመም በሐኪም ክትትል ሲሰጥ ግን ይህ ፍርሃት በሽተኛን ማሠቃያ መሆን የለበትም። ሆድ ድርቀቱ ግን አይቀርም፣ ማለስለሻው ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይታዘዝ።

ሸንኮራ ዮሐንስም ሆነ ጻድቃኔ ማርያም የሚሄዱ አረጋውያን ብዙ ናቸው። ጠበል ላይ ክኒን ይቋረጥ የሚሉ አሉ፣ አብሮ ይሄዳል የሚሉ አባቶችም አሉ። ነርሷ ከቤተሰቡ ጋር ተነጋግራ ክኒኑ በጉዞውም እንዲያዝ ብታደርግ ይሻላል።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ብርዱ የታወቀ ነው። የመንዝ ባና ደርቦ ማልበስ፣ አልጋ ላይ የዋሉትን በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ቁስል ከመታጠቡ ከግማሽ እስከ 1 ሰዓት ቀድሞ ማስታገሻ መስጠት፤ እነዚህን ምራትም ነርስም ዛሬ ማታ መጀመር ትችላለች።