ከደመወዝ ውጭ የተገኘ ገቢና ግብሩ
አሠሪዎ በየወሩ ግብር ቆርጦ ስለሚያስገባ ጉዳዩ አለቀ ማለት አይደለም። እርሱ የሚያውቀው ደመወዝዎን ብቻ ነው፤ አልፎ አልፎ ለሌላ ደንበኛ ሠርተው ያገኙትን ማስታወቅ የእርስዎ ድርሻ ነው።

ብዙዎችን የሚያደናግረው የግብሩ ምጣኔ፣ ማለትም ከገቢው የሚቆረጠው መቶኛ ነው። ሁለቱ ገቢዎች ተደምረው ግብሩ በእርከን (ገቢው በደረጃ ተከፍሎ፣ ከፍ ባለው ደረጃ ላይ ከፍ ያለ ምጣኔ እየተጣለ) በሚሰላበት አገር፣ የተጨማሪው ሥራ ክፍያ ደመወዙ ከደረሰበት እርከን ይቀጥላል እንጂ ከዜሮ አይነሣም። ስለዚህ ገንዘቡ ትንሽ ሆኖ ምጣኔው ከፍ ሊል ይችላል። ከፍ ያለው ምጣኔ ግን የሚያርፈው በጭማሪው ላይ ብቻ ነው፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ደመወዝዎን አይነካም (ይህን ፈርቶ ሥራ የሚመልስ ሰው አለ!)።

ደንበኛው ከክፍያው ላይ ግብር ቀንሶ ካስቀረ ደረሰኙን ይቀበሉ፤ በብዙ አገሮች እንደ ቅድመ ክፍያ ስለሚቆጠር ከመጨረሻው ሒሳብ ይቀነስልዎታል። ለሥራው ያወጡት ወጪም ማስረጃ ካለው ብዙውን ጊዜ ከገቢው ላይ ይነሣል።