የሙምባይ ትምህርት ቤቶች ክሪኬት

ሕንድ፣ ሙምባይ ውስጥ፣ ከዋናው ባቡር ጣቢያ አቅራቢያ አዛድ ማይዳን የሚባል ሰፊ ሜዳ አለ። እዚያ 22 የክሪኬት መጫወቻ ቦታዎች ተቀራርበው ይገኛሉ። ሜዳው ሲሞላ ጨዋታዎቹ ይደራረባሉ። ኳስ ለመቅለብ የቆመ ልጅ ራሱን ከሌላ ጨዋታ ተጫዋቾች መሀል ያገኘዋል። የራሱን ኳስ ከሌሎቹ ለይቶ መከታተል አለበት። ትኩረትን እንዲህ አድርጎ የሚያስተምር ክፍል ያለ አይመስለኝም።

የከተማዋ ትምህርት ቤቶች በክሪኬት መፎካከር ከጀመሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ትልቁ ውድድር ሃሪስ ሺልድ ይባላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. ከ1890 እስከ 1895 የቦምቤይ (የሙምባይ የቀድሞ ስም) ገዥ ከነበሩት ሎርድ ሃሪስ ነው። ለታናናሾቹ ደግሞ ጋይልስ ሺልድ አለ።

ለብዙዎቻችን ክሪኬት እንግዳ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በእያንዳንዱ ቡድን 11 ልጆች አሉ። ወርዋሪው ከመቺው ጀርባ የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች በኳስ ለመምታት ይሞክራል። መቺው በሰፊ የእንጨት ዱላ ይከላከላል፤ ኳሱን አርቆ ከመታ ደግሞ እየሮጠ ነጥብ ይሰበስባል። በልጅነታችን አባባል አንዴ ከተቃጠለ ግን በዚያ ዙር አይመለስም። ሳምንት ሙሉ ሲለማመድ የከረመ የ13 ዓመት ልጅ በመጀመሪያዋ ኳስ ሊቃጠል ይችላል። ጓንቱን አውልቆ ዳር ይቀመጣል። ለጓደኛው ያጨበጭባል። ቡድኑ ሜዳ ሲገባ ደግሞ አኩርፎ መቅረት የለም፤ ኳስ ይቀልባል። ከሩጫውም ከጡንቻውም ይልቅ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው እላለሁ።

አሰልጣኝ ራማካንት አችሬካር ይህን በሺቫጂ ፓርክ ሜዳ በአንዲት የአንድ ሩፒ ሳንቲም ያስተምሩ ነበር። ልምምዱ ሊያልቅ ሲል፣ ልጆቹ ደክሟቸው ሳለ፣ ሳንቲሟን እንጨቶቹ አናት ላይ ያስቀምጣሉ። ኋላ የሕንድ ክሪኬት ኮከብ የሆነውን ተማሪያቸውን ሳቺን ቴንዱልካርን ያቃጠለ ወርዋሪ ይወስዳታል። ማንም ካላቃጠለው የሳቺን ናት። ዛሬም እንዲህ ያገኛቸው 13 ሳንቲሞች አሉት።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1988 የ14 ዓመቱ ሳቺንና የ16 ዓመቱ የቡድን ጓደኛው ቪኖድ ካምብሊ አዛድ ማይዳን ላይ፣ በሃሪስ ሺልድ ግማሽ ፍጻሜ፣ ሁለቱ ብቻ፣ አንዳቸውም ሳይቃጠሉ፣ 664 ነጥብ አስቆጠሩ። በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ሳቺን ለሕንድ ብሔራዊ ቡድን ተሰለፈ። እኔ ግን ተጋጣሚዎቹንም አስባለሁ። ኳስ ሲያሳድዱ ውለው በማግስቱም ያንኑ ቀጠሉ። አቅሙ ካልተመጣጠነ ቡድን ጋር መጋጠም ልጅን ተስፋ ሊያስቆርጥ ስለሚችል፣ ይህን የማመጣጠን ኃላፊነት የአዋቂዎች ነው።

አብዛኞቹ ልጆች ታዋቂ አይሆኑም። ቢሆንም ጠዋት በከተማው ባቡር ውስጥ ታያቸዋለህ። ቦርሳቸው ሊያክላቸው ምንም አልቀረው። የዱላው እጀታ ከቦርሳው ወጥቶ ይታያል። ግፊያውን አልፈው ጣቢያቸው ላይ ዱብ ይላሉ፤ ሜዳውንም ራሳቸው ያገኙታል።