አይፒኤስ ሴል ምንድን ነው? አንጎል «ጸጉረ ልውጥ» ብሎ እንዳያባርረው የሚሠራ ሴል

ኩላሊት የተተከለለት ዘመድ ያለው ሰው መድኃኒቱን ያውቀዋል። ጠዋትና ማታ፣ ሳይዛነፍ፣ ዕድሜ ልክ። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2015 ከተጀመረ ወዲህ ነገሩ እኛም አገር እንግዳ አይደለም። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) የመድኃኒቱ ሥራ የሰውነትን የበሽታ መከላከያ ማድከም ነው። ካልደከመ የመጣውን ኩላሊት «ጸጉረ ልውጥ» ብሎ ያጠቃዋል። ሲደክም ደግሞ ለኢንፌክሽን በር ይከፈታል።

አሁን ኩላሊቱን ተዉትና የአንጎል ሴል አስቡ።

በፓርኪንሰን በሽታ ዶፓሚን የተባለውን፣ ለእንቅስቃሴ የሚያስፈልገውን ኬሚካል የሚያመርቱ የአንጎል ሴሎች ይሞታሉ። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እርምጃ ይከብዳል። የሞተውን በአዲስ እንተካ የሚለው ሐሳብ የቆየ ነው። በ1987 በስዊድኗ ሉንድ ከተማ ከተቋረጠ ጽንስ የተወሰደ ሴል በሕሙማን አንጎል ውስጥ መትከል ተጀመረ። ለአንዳንዶቹ ሠርቷል። ግን ለአንድ ታካሚ የበርካታ ጽንስ ሴል ይፈልጋል። ሴሉም የሌላ ሰው ነው።

«አንጎል የተከለለ ቦታ አይደል እንዴ?» የሚል ይኖራል። በከፊል ልክ ነው። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ፒተር ሜዳዋር በ1948 የሌላ ጥንቸል ቆዳ ጥንቸል አንጎል ውስጥ ሲተክል ቆዳው ሳይነካ ቆየ። ጥንቸሉ ያንኑ ቆዳ አስቀድሞ በሌላ ገላው ላይ ከቀመሰው ግን አንጎል ውስጥ ያለውም አልተረፈም። መከላከያው አንዴ ካወቀ አንጎል ድረስ ይሄዳል ማለት ነው።

አይፒኤስ ሴል የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። በ2006 የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲው ሺንያ ያማናካ በአይጥ የቆዳ ሴል ውስጥ አራት ጂኖች አስገባ። ሴሉ ቆዳነቱን ረሳ! ገና ምን እንደሚሆን ወዳልወሰነበት የጽንስ ዘመኑ ተመለሰ፤ ስቴም ሴል ሆነ። በዓመቱ በሰው ሴልም ተሳካ፤ በ2012 ኖቤል አስገኘ። እንዲህ የተመለሰው ሴል ነው አይፒኤስ ሴል የሚባለው፤ እንደገና ወደ ልብ፣ ወደ ጉበት ወይም ወደ አንጎል ሴል ሊመራ ይችላል። እንግዲህ ከራሴ ቆዳ የተሠራ የአንጎል ሴል ለሰውነቴ የራሱ ልጅ ነው፤ ምን ብሎ ያባርረዋል?

በ2020 አሜሪካ ውስጥ ይህ በአንድ የ69 ዓመት የፓርኪንሰን ታካሚ ላይ መሞከሩ ተዘገበ። ሴሉ ከገዛ ቆዳው ተሠራ፤ በሁለቱም የአንጎሉ ጎን ተተከለ። መከላከያ የሚያደክም መድኃኒት አልወሰደም። በሁለት ዓመት ክትትል ሴሎቹ የተባረሩ አይመስሉም። አንድ ሰው ነው፤ ከአንድ ሰው ብዙ መደምደም አይቻልም።

ችግሩ ገንዘቡና ጊዜው ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ማምረት፣ መመርመር፣ ካንሰር እንደማያመጣ ማረጋገጥ... ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ጃፓኖች የሴል ባንክ አሰቡ።

መከላከያው የራሱን ከባዕድ የሚለየው ኤችኤልኤ በሚባሉ የሴል ምልክቶች ነው። አንዱን ስብስብ ከእናት፣ ሌላውን ከአባት እንወርሳለን። አልፎ አልፎ ከሁለቱም አንድ ዓይነት የደረሰው ሰው ይገኛል። የእሱ ሴል ያ ስብስብ ላለው ሁሉ ብዙም ባዕድ አይሆንም። በጃፓን በጣም የተለመደው ስብስብ ያለው አንድ ለጋሽ ብቻ ለሕዝቡ 17 በመቶ ገደማ ይገጥማል። ኪዮቶ ውስጥ በ2018 የተጀመረውና ውጤቱ በ2025 የወጣው የ7 ሰዎች የፓርኪንሰን ሙከራ የተጠቀመው የለጋሽ ሴል ነበር። እዚያ ግን መከላከያ የሚያደክመው ታክሮሊመስ የተባለው መድኃኒት ለታካሚዎቹ ተሰጥቷል። ባንኩ ብቻውን አልታመነም።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አፍሪካውያን በኤችኤልኤ ስብጥር ከማንም በላይ የተለያየን ነን። ለጃፓን ጥቂት ለጋሽ ብዙ ሰው ሲሸፍን፣ ለእኛ ያው ቁጥር የሚሸፍነው በጣም ያነሰ ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ ተስፋው ያለው በሦስተኛው መንገድ ነው፤ ለማንም የሚሆን ሴል መሥራት። የአይፒኤስ ሴሉን ጂን አርመው ኤችኤልኤውን ይደብቁታል፤ ሲዲ47 የተባለውንና «አትብሉኝ» የሚለውን ምልክት ያበዙበታል። ያኔ ግን ሌላ ጥያቄ ይነሣል። መከላከያው የማያየው ሴል ካንሰር ቢሆንስ ማን ያስቆመዋል? ለዚህ ሲሉ አንዳንድ ተመራማሪዎች ሴሉ ውስጥ ማጥፊያ ጂን አብረው ይከታሉ። ሴሉ ካስቸገረ ታካሚው መድኃኒት ይወስዳል፤ የተተከለው ሴል ራሱን ይገድላል።