«ሌላ መውጫ በር የለም?»፦ ስለ ሳይኮቴራፒ የሚባለውና እውነታው

ሥራዬ ሳይኮቴራፒ ነው፤ የሰውን ጭንቀት በኪኒን ሳይሆን በንግግርና በልምምድ ማከም። ቢሮዬ ጎንደር ፒያሳ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለፈው አንዲት እናት ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ገቡ። ገና ሳይቀመጡ «ልጄ፣ ሌላ መውጫ በር የለም?» አሉኝ። የለም። በዚህ ከተማ ማንም ሳያይዎት ደረጃ መውጣት ዘበት ነው። (እዚህ የማነሳቸው ሰዎች ፈቅደውልኛል፤ እንዳይታወቁም ነገራቸውን ቀያይሬዋለሁ።)

«እዚያ የሚሄደው ያበደ ነው።» ይሄን ቶሎ ልለፈው። ወደኔ የሚመጡት አብዛኞቹ ሥራ ውለው የሚገቡ ናቸው። እንቅልፍ እምቢ ያላቸው፣ ሐዘኑ አልወጣ ያላቸው፣ ትዳር ያስጨነቃቸው።

«ዶክተር፣ ኪኒን ጻፊልኝ።» ዶክተር አይደለሁም። ሳይካትሪስት የሚባለው መጀመሪያ ሐኪም ሆኖ፣ ቀጥሎ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረገ ነው። መድኃኒት ማዘዝ የእሱ ሙያ ነው። እኔ የተማርኩት ሥነ ልቦና ነው፤ ዲግሪ፣ ማስተርስ፣ ከዚያ ልምድ ባላቸው ሰዎች ሥር ልምምድ። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ሰው ሲመጣ ብቻዬን አልይዘውም፤ ሆስፒታል እልከዋለሁ።

«ወሬ ከሆነ ቡና ላይ ይወራል።» ይወራል እንጂ! ቡና ላይ ቀለል የሚል ነገር ብዙ ነው። ግን አንድ የአዘዞ ልጅ ልንገራችሁ። ሚኒባስ ሲሳፈር ልቡ ይደልቃል፣ ያልበዋል፣ «ልሞት ነው» ይላል። ሐኪም ልቡን መርምሮ ደህና ነህ ብሎታል። እሱ ግን በእግሩ መሄድ ጀመረ፤ አዘዞ ፒያሳ በእግር እኮ ቀልድ አይደለም። የምንሠራበት ዘዴ ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ ይባላል። መሠረቱን የጣለው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካዊው ሳይካትሪስት አሮን ቤክ ነው። ሐሳባችንን እንደ እውነት ከመዋጥ በፊት እንፈትነው ነው ነገሩ። ስለዚህ ልጁን «ደረጃውን ሦስቴ በሩጫ ውጣና ና» አልኩት። እያለከለከ ገባ።

«ልብህ እየመታ ነው?»

«በጣም!»

«ሞትክ?»

ሳቀ። ከዚያ መጀመሪያ ባጃጅ፣ ቀጥሎ ሚኒባስ በር አጠገብ፣ በኋላ መሀል ወንበር ሰው ተጠቅጥቆ። ሳምንታት ፈጀ። አንዳንድ ቀን ወደኋላም ተመልሷል።

«ልፍታው ወይስ ልቆይ? አንቺ ቁረጪልኝ።» አልቆርጥም። እሱ የሽማግሌ ሥራ ነው፤ ለነገሩ ሽማግሌም ይሳሳታል።

«ጠበል የሚሄድ ቴራፒ አይሄድም።» ማን አለ? ይሂዱ። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ሐኪም ያዘዘልዎትን መድኃኒት ሳያማክሩት አያቋርጡ።

«ምስጢሬ ነገ ገበያ ይውላል።» እኚያ እናት የፈሩት ይሄንን ነበር። ለባል አልናገርም፤ ለሚከፍለው ልጅም አልናገርም። የእርስዎ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት፣ ወይም የሕፃን ደህንነት አደጋ ላይ ከሆነ ግን ዝም አልልም። ይሄን የመጀመሪያው ቀን ላይ ነው የምናገረው። ለእሳቸውም ነገርኳቸው። «ደግሞ ጥምቀት ላይ ፋሲል መዋኛ ብንገናኝ ቀድሜ ሰላም አልልዎትም፤ እንዳይቀየሙኝ» አልኳቸው።

ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ። «እኔ ቀድሜ ብስምሽስ?»

«ያኔማ እስምዎታለሁ።»