የውቅያኖስ ወለል ድንጋይ ሲለወጥ ማግኔትነቱ ምን ይሆናል?

«ድንጋይ ሲለወጥ ማግኔትነቱ ይደክማል» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው።

ከባሕር ሥር የፈሰሰ ባዛልት (ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ሲቀዘቅዝ፣ በውስጡ ያለው ቲታኖማግኔታይት የተባለ ደቃቅ ማዕድን የዘመኑን የምድር ማግኔት አቅጣጫ ይዞ ይቀራል። ተመራማሪዎቹ ቫይንና ማቲውስ በ1963 እ.ኤ.አ. የውቅያኖስ ወለል እየሰፋ መሆኑን ያስረዱት በዚሁ ነው።

ከዚያ ውሃ ይመጣል። ቀዝቃዛ የባሕር ውሃ በስንጥቁ ሲገባ ማዕድኑን ዝገት ያዘው እንደማለት ነው፤ ወደ ቲታኖማግሄማይት ይቀየራል። ጉልበቱ ይቀንሳል፣ አቅጣጫው ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም። ደግነቱ!

ፍል ውሃ ግን ምሕረት የለውም። ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የጋለ ውሃ ባዛልቱን ሰንጥቆ በሚወጣበት ቦታ ማግኔታማው ማዕድን ይፈርሳል። ከወለሉ ጠጋ ብሎ የሚያልፍ የማግኔት መለኪያ እዚያ ጋ ሲደርስ ንባቡ ዝቅ ይላል።

ፔሪዶታይት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ይህ የጥልቁ ድንጋይ ውሃ ሳይነካው ማግኔትነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ውሃ ሲያገኘው በውስጡ ያለው ኦሊቪን የተባለ ማዕድን ሰርፔንቲን ወደሚባል ሌላ ማዕድን ይለወጣል፤ ከብረቱ ከፊሉ ማግኔታይት የተባለ ማግኔታማ ማዕድን ይሆናል፣ ሃይድሮጅንም ይወጣል። እዚህ ለውጡ ማግኔትን ፈጠረ እንጂ አላጠፋም። ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ በታች ከሆነ ግን አብዛኛው ብረት እዚያው ሰርፔንቲኑና አብሮት በሚፈጠረው ብሩሳይት የተባለ ማዕድን ውስጥ ስለሚቀር ማግኔታይቱ ትንሽ ነው።