የቢኤምኤክስ ሳይክል ሞዞ ምንድን ነው?

አንድ የቢኤምኤክስ ሳይክል፣ ማለትም ለውድድርና ለዝላይ የሚነዳውን ትንሽ ሳይክል፣ ገልብጡና የኋላ ጎማውን ወደፊት አሽከርክሩት። ጠጠጠጠ የሚል ድምፅ ይሰማል። የሚመጣው ከጎማው እምብርት ነው። ይህ እምብርት፣ ከጣሊያንኛ በመጣው ስሙ፣ ሞዞ ይባላል። የቸርኬው ሽቦዎች በሙሉ የሚታሰሩት እሱ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ 36 ናቸው። በመሀሉ አክስል የሚባል ዘንግ ያልፋል። ጎማው አክስሉ ላይ ቀለል ብሎ እንዲዞር ደግሞ ኩሽኔታ አለ።

እስከዚህ ከማንኛውም ሳይክል አይለይም። የሚለየው በሚችለው ዱላ ነው። ቢኤምኤክስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪዎችን ሲያዩ ልክ እንደነሱ ለመንዳት በሞከሩ ልጆች ተጀመረ። በኋላ ከደረጃ መዝለሉና በብረት መደገፊያ ላይ መንሸራተቱ መጣ። ጎማው 20 ኢንች ብቻ ነው፤ ምቱን የሚያለዝብ ሞላም የለውም። ስለዚህ ነጂው መሬት ሲያርፍ የ10 ሚሊ ሜትሩ አክስል ይጎብጥ ነበር። በ14 ሚሊ ሜትር ተተካ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል እንጂ ድፍን ዘንግ በዚያች 4 ሚሊ ሜትር ብቻ መታጠፍን የመቋቋም አቅሙ ከ2 እጥፍ ተኩል በላይ ያድጋል።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ግን ሰንሰለቱ የሚዞርበት የጥርሱ ነገር ነው። ድሮ ከፊት ባለ 44፣ ከኋላ ባለ 16 ጥርስ ይገጠም ነበር። ትልቁ የፊት ጥርስ በየመደገፊያው እየተጋጨ አስቸገረ። ነጂዎቹ ወደ 25 እና 9 ወረዱ፤ ፍጥነቱ ያው ነው ማለት ይቻላል። ችግሩ ኋላ ላይ መጣ። ፔዳል ሳይመታ ጎማው በነፃ እንዲዞር የሚያደርገው ክፍል በፊት የሚጠመዘዘው በሞዞው ጎን ላይ ነበር። የመጠምዘዣው ስፋት 35 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሰንሰለቱ ባለ 9 ጥርሱን ሲዞር የሚሠራው ክብ ደግሞ ከ37 ብዙም አይበልጥም። የት ይግባ? መፍትሔው ያንን ክፍል ሞዞው ሆድ ውስጥ መክተት ሆነ። ካሴት ሞዞ የሚባለው ይህ ነው።

ውስጡን ብትከፍቱት በትንንሽ ሞላ የሚገፉ የብረት ምላሶች ታያላችሁ። ፔዳል ስትመቱ ምላሶቹ የውስጡን ጥርሶች ይነክሳሉ። ስታቆሙ በላያቸው እየዘለሉ ያልፋሉ፤ ያ ጠጠጠ የነሱ ድምፅ ነው። 24 የውስጥ ጥርስ ካለና ምላሶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚነክሱ ከሆነ፣ በየ15 ዲግሪው ይይዛል። ጥርሱን ማብዛት አያያዙን ያፈጥነዋል፤ ግን እያንዳንዱ ጥርስ ያንሳል፣ ቶሎም ይበላል። ለመዝለል ፔዳሉ ላይ ቆማችሁ ስትረግጡ ምላሱ ቢያመልጥ እግራችሁ ባዶ ይወርዳል፤ ደረታችሁ መሪው ላይ ነው። ስለዚህ ለኔ ፈጣን ከሚባለው ይልቅ ጥርሱ ጠለቅ ያለው፣ ምላሶቹም አንድ ላይ የሚነክሱት ይሻላል። ፔዳሉ ሳይዞር ወደኋላ ለመንዳት የሚሠራ ፍሪኮስተር የሚባል ሌላ ዓይነትም አለ።

ያገለገለ ስትገዙ ቸርኬውን ይዛችሁ ወደ ጎን ወዝውዙት። ካንቋቋ ኩሽኔታው አልቋል፣ ወይም አልጠበቀም። ምላሶቹን ወፍራም ግራሶ አትቀቧቸው፤ ተጣብቀው በሰዓቱ አይነሱም። ጥቂት ጠብታ ቀጭን ዘይት ይበቃቸዋል።