ከነሠራተኞቹ የሚከራይ የቅንጦት ያት፦ በፈረንሳይ ሪቪዬራ አንድ ሳምንት ምን ይመስላል?

በደቡብ ፈረንሳይ፣ ከሳን ትሮፔ እስከ ሞናኮ በተዘረጋው የባሕር ዳርቻ፣ ከግንቦት እስከ መስከረም መልሕቅ ጥለው የሚታዩት ነጫጭ ያቶች (የመዝናኛ ጀልባዎች) ሁሉ ባለቤቶቻቸው የተሳፈሩባቸው አይደሉም። ጥቂት የማይባሉት ካፒቴኑን፣ ሼፉን፣ አስተናጋጆቹንና መካኒኩን ይዘው ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት የተከራዩ ናቸው። ባለቤቶቹን ወደ ኪራይ የሚገፋቸው ወጪው ነው። በዘርፉ በተለመደው ግምት አንድን ትልቅ ያት ለማስተዳደር በየዓመቱ የዋጋውን አንድ አሥረኛ ያህል ይጠይቃል፤ ደመወዙ፣ መድኑ፣ የወደብ ኪራዩና ጥገናው ጀልባው ቢቆምም አይቆምም። ባለቤቱ ራሱ የማይሳፈርባቸውን ሳምንታት የሚያከራየው ከዚህ ወጪ የተወሰነውን ለመመለስ ነው።

ጀልባውን ብቻ የሚከራዩም አሉ። እነሱ የመንዳት ፈቃድ ይዘው፣ ራሳቸው እየነዱና እያበሰሉ ይጓዛሉ። ከነሠራተኞቹ የሚከራይ ሰው ግን ሸራ መወጠርም ሆነ ካርታ ማንበብ አይጠበቅበትም። እንዲህ ያለውን ዕረፍት ማሰብ የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ ፎቶ እያገላበጠ ስለ ጀልባው ርዝመትና ስለ መኝታ ክፍሉ ስፋት ይጨነቃል። ሳምንቱን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ግን ሠራተኛው ነው። ስለዚህ ደላላውን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ “ካፒቴኑና ሼፉ በዚህ ጀልባ ላይ ስንት ዓመት ሠሩ?” የሚለው ነው። አብረው የቆዩ ሠራተኞች ያሉት አሮጌ ያት፣ በቅርቡ የተሰባሰቡ ሰዎች ከሚሠሩበት አዲስ ያት ይሻላል።

ሠራተኞቹ

40 ሜትር ገደማ ርዝመት ባለው የሞተር ያት ላይ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 9 ሠራተኞች ይኖራሉ፦ ካፒቴን፣ ምክትሉ፣ መካኒክ፣ ሼፍ፣ ሁለት ወይም ሦስት አስተናጋጆች፣ እንዲሁም መልሕቁን፣ ገመዱንና ወደ ዳርቻ የምታመላልሰውን ትንሿን ጀልባ የሚይዙ መርከበኞች። እንግዶቹ ሳይነሱ ወለሉ ከጨው ይታጠባል፣ መስታወቱ ይወለወላል፣ ቁርስ ይቀርባል። እንግዶቹ ሊዋኙ ሲወርዱ አልጋው ይነጠፋል፣ መታጠቢያ ቤቱ ይጸዳል፤ ማታም እንደገና ይስተካከላል።

እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣውና በ2013 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በ7 ቀን ውስጥ ደግሞ ቢያንስ 77 ሰዓት እንዲያርፍ ያዛል። ይህ እንግዳውንም ይመለከታል። እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ሙዚቃና መጠጥ ከተፈለገ፣ በማግስቱ ጠዋት መልሕቅ ነቅሎ ረጅም መንገድ መሄድ ላይቻል ይችላል። ዕረፍታቸውን ከተከፈለ ገንዘብ ላይ እንደ ተቀነሰ አገልግሎት የሚቆጥር ተከራይ በጣም ተሳስቷል፤ እንቅልፍ ያላገኘ ሰው ከሚመራው ጀልባ የባሰ አደጋ የለም።

በመርከቡ ላይ የመጨረሻው ቃል የካፒቴኑ ነው። ተከራዩ ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ ይናገራል፣ ይሆናል አይሆንም የሚለው ግን ካፒቴኑ ነው። በዚህ አካባቢ ከሮን ሸለቆ ወደ ባሕሩ የሚወርደው ሚስትራል የተባለ ኃይለኛ ነፋስ ለቀናት ሊቆይ ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ወደ ኮርሲካ ደሴት መሻገሩ ይቀራል፣ የጉዞው ዕቅድም ይለወጣል። ለዕረፍት የመጣ ሰው ይህን መቀበል ይከብደዋል፣ ቢሆንም “አይሆንም” የሚል ካፒቴን ሥራውን እየሠራ ነው።

ከጉዞው ሳምንታት በፊት ለተከራዩ መጠይቅ ይላክለታል። ማን ምን ይበላል፣ ማን ለምን አለርጂ አለው፣ ልጆቹ ዕድሜያቸው ስንት ነው፣ መዋኘት የማይችል አለ ወይ፣ ባሕር የሚያቅለሸልሸው ማን ነው? ሼፉ ገበያ የሚወጣው ይህን ይዞ ስለሆነ በጥድፊያ የሚሞላ ወረቀት አይደለም። ኢትዮጵያዊ ጾመኛ በተለይ ሊጠነቀቅ ይገባል። የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 1 ሲገባ የሪቪዬራው ወቅት እጅግ የሚጦፍበት ጊዜ ነው። “ሥጋ አልበላም” ብሎ ብቻ የጻፈ ሰው ቅቤ፣ እንቁላልና አይብ ይቀርብለታል። ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላልም እንደማይበላ፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጾም፣ ዓሣ ይበላ እንደሆነም በግልጽ ቢጽፍ፣ ጥሩ ሼፍ በፕሮቫንስ አትክልትና በወይራ ዘይት ሳምንቱን ሙሉ ያማረ ገበታ ያዘጋጅለታል።

ዋጋው

ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። በማስታወቂያ ላይ የሚታየው የሳምንት ኪራይ የጀልባውና የሠራተኞቹ ብቻ ነው። ነዳጁ፣ ምግቡ፣ መጠጡና የወደብ ክፍያው ለብቻው ነው። ለዚህም ተከራዩ የኪራዩን ከ25 እስከ 35 በመቶ የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ ለካፒቴኑ ያስረክባል። ካፒቴኑ በደረሰኝ እያወጣ በጉዞው መጨረሻ ሒሳቡን ያወራርዳል፤ የተረፈ ካለ ይመለሳል፣ ካነሰ ይጨመራል። በሳምንቱ አጋማሽ ሒሳቡ የት እንደ ደረሰ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ እንዲያውም ካፒቴኖች ይወዱታል።

በላዩ ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ፤ መደበኛው በፈረንሳይ 20፣ በጣሊያን 22 በመቶ ነው። ለሠራተኞቹ የሚሰጠው ጉርሻ በውል ግዴታ ባይሆንም በሜዲትራኒያን ከኪራዩ 5 እስከ 15 በመቶ ይለመዳል። የሳምንት ኪራዩ 100,000 ዩሮ የሆነ ያት ቢወሰድ፣ 30,000 ለወጪ፣ 20,000 ለታክስ፣ 10,000 ለጉርሻ ተጨምሮ 160,000 ዩሮ ይደርሳል። ይህን ድምር ውሉን ሳይፈርሙ በፊት ማስላት ግድ ነው። ጀልባውን ከሌላ ወደብ አስመጥቶ ለመመለስ የሚከፈልም ሊኖር ይችላል።

ወጪውን እንደ ፍጥነት የሚያንረው የለም። ትልቅ የሞተር ያት በሙሉ ፍጥነት ሲሄድ በሰዓት በመቶዎች የሚቆጠር ሊትር ነዳጅ ይጠጣል፣ በዝግታ ሲሄድ ግን ፍጆታው በብዙ ይወርዳል። በየቀኑ ወደብ ከመቀየር አንድ ጥሩ የባሕር ወሽመጥ ላይ ሁለት ቀን ማደር ለኪስም ለባሕሩም ይበጃል። ልምድ የሌለው ተከራይ ሰባት ከተማ ለማየት ይሮጥና ሳምንቱን ሞተር ሲያዳምጥ ይከርማል።

የት የት ይኬዳል?

ኪራዩ አብዛኛውን ጊዜ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ሲሆን፣ ከኒስ አውሮፕላን ማረፊያ ቅርብ በመሆኗ አንቲብ የተለመደች መነሻ ናት። ቮባን የተባለው ወደቧ በአውሮፓ ካሉት ትላልቅ የያት ወደቦች አንዱ ነው። ከካን ፊት ለፊት የሌሬንስ ደሴቶች አሉ። ከእነሱ አንዷ በሆነችው በሳን ኦኖራ ደሴት በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተመሠረተ ገዳም አለ፤ መነኮሳቱ ዛሬም ይኖራሉ፣ የወይን ጠጅም ይጠምቃሉ። የጣና ደሴት ገዳማትን ለሚያውቅ ሰው ከመላው የባሕር ዳርቻ ይልቅ ልብ የምትነካው ይህች ደሴት ናት። የካን የፊልም ፌስቲቫልና የሞናኮ የመኪና ውድድር በሚካሄዱባቸው ሳምንታት ዋጋው ይንራል፣ የወደብ ቦታም በገንዘብ እንኳ አይገኝም።

በማስታወቂያ ፎቶ የሚታዩት አንዳንድ የባሕር ወሽመጦች ዛሬ ለትላልቅ ጀልባዎች ዝግ ናቸው። ከባሕሩ ሥር ፖሲዶንያ የተባለ ተክል እንደ ሜዳ ተዘርግቶ ይኖራል። ዓሣ የሚራባበት፣ ካርቦን የሚያከማች፣ እድገቱ ግን እጅግ አዝጋሚ የሆነ ተክል ነው፤ መልሕቅ ከነቀለው በሰው ዕድሜ አይተካም። በዚህም ምክንያት ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣችው ደንብ 24 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ ጀልባዎች በእሱ ላይ መልሕቅ እንዳይጥሉ ከልክላለች። ካፒቴኑ ከዳርቻው ራቅ ብሎ ቢቆም ምክንያቱ ይህ ነው፣ ክልከላውም ተገቢ ነው።

ልብ የሚባሉ ደንቦች

ያቱ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን እንግዶች አብዛኛውን ጊዜ ከ12 አይበልጡም፤ ዓለም አቀፉ የባሕር ደኅንነት ስምምነት ከ12 በላይ መንገደኛ የሚጭነውን መርከብ እንደ መንገደኛ መርከብ ስለሚቆጥርና ከባድ መስፈርት ስለሚጥልበት ነው። ጫማ መሳፈሪያው ላይ ይወልቃል። ሻንጣ የሚታጠፍ ቢሆን ይመረጣል፣ ደረቅ ሻንጣ ማስቀመጫ የለውም። ጄት ስኪ ጀልባው ላይ ስላለ ብቻ ማንም አይነዳውም፤ ፈረንሳይ ፈቃድ ትጠይቃለች። አደንዛዥ ዕፅ ከተገኘ ካፒቴኑ ጉዞውን ወዲያው ሊያቋርጥ ይችላል፣ ገንዘቡም አይመለስም።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ከፈረንሳይ ወደ ኮርሲካና ጣሊያን መሄዱ ችግር የለውም። ጉዞው ከክሮኤሺያ ወደ ሞንቴኔግሮ ወይም ከግሪክ ወደ ቱርክ ከሆነ ግን ከሸንገን ወጥቶ መመለስ ስለሚሆን ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ግድ ነው።

ውሉ ብዙውን ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የሜዲትራኒያን ያት ደላሎች ማኅበር ያዘጋጀው ነው። በተለምዶ ግማሹ ክፍያ ሲፈረም፣ ቀሪው ከጉዞው አንድ ወር ያህል በፊት ይከፈላል። አየር ማቀዝቀዣው ባይሠራ፣ ቃል የተገባው ትንሽ ጀልባ ባይኖር፣ አቤቱታው እዚያው እያሉ መጀመሪያ ለካፒቴኑ፣ ከዚያም ለደላላው በጽሑፍ መቅረብ አለበት። ቤት ከገቡ በኋላ የሚጻፍ ቅሬታ ክብደቱ በጣም ይቀንሳል፤ ጉድለቱን ለማስተካከል ዕድል አላገኘንም የሚለው የባለቤቱ መልስ ተቀባይነት ያገኛልና።